የዳክዬ እንቁላል በቤት ውስጥ ሲታቀፍ ስለሚያጋጥመው ጉድለት
በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ለከተማው ነዋሪዎችና ለአስተዳደሩ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ ለአንዳንዱ ሰው ትንሽ መስሎ ሊታየው ይችላል። ስለ መንገድና ስለ ውሃ፣ ስለ ግብርና ስለ ይዞታ ስንነጋገርበት በቆየነው አዳራሽ ስለ ዳክዬ እንቁላል መናገር ለጊዜው ፈገግታን ያመጣ ይሆናል። ይሁን እንጂ ካላቸው ጥቂት ገንዘብ ላይ ቀንሰው እንቁላል የገዙ፣ ሃያና ሠላሳ አስታቅፈው አንድ ወር ሙሉ የጠበቁ፣ በመጨረሻም ከሁለትና ከሦስት ጫጩት በላይ ያላገኙ ቤተ ሰቦች ወደ ጽሕፈት ቤታችን እየመጡ ምክንያቱን ጠይቀዋል። ከእነርሱም የሚበዙት ቤታቸውን ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ እናቶች ናቸው። በእነርሱ ዘንድ ሃያ እንቁላል ማለት የልጆች ደብተርና ጫማ ማለት ነው።

ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል ተብለው ሲጠየቁ አንዱ ነጎድጓድ አወከው ይላል፤ ሁለተኛው ዓይን በላው ይላል፤ ሦስተኛው ሻጩ አታለለኝ ይላል። ሦስተኛው አንዳንድ ጊዜ እውነቱን ነው። ነገር ግን ያልተፈለፈሉትን እንቁላሎች ምን አደረጋችኋቸው ብለን ስንጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ጣልናቸው» የሚል ነው። እነሆ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። ሳይፈለፈል የቀረ እንቁላል ጽንሱ በየትኛው ቀን አካባቢ እንደ ሞተና በምን ምክንያት እንደ ሞተ የሚመሰክር ምስክር ነው፤ እኛ ግን ምስክሩን ሳንጠይቅ ጉድጓድ ውስጥ እንቀብረዋለን፤ በማግሥቱም ሌላ ሃያ እንቁላል ገዝተን ያንኑ ስሕተት እንደግማለን። የዛሬው ንግግሬ ዋና አሳብ ይህንን ምስክር እንዴት እንደምንጠይቀው ለማስረዳት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ዳክዬ ዶሮ አለመሆኗን መቀበል ያስፈልጋል። በአገራችን የዳክዬ እርባታ እምብዛም ያልተስፋፋ ስለ ሆነ ሁላችንም የምናውቀው የዶሮን ልማድ ነው፤ የዶሮንም ልማድ በዳክዬ ላይ እንጭናለን። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል። የተራዋ ዳክዬ፣ ለምሳሌ ነጯ ፔኪን ወይም ካኪ ካምቤል የምትባለው፣ እንቁላሏ 28 ቀን ይፈልጋል። በፊቷ ላይ ቀይ ኪንታሮት የመሰለ ሥጋ ያላት፣ መሠረቷ ደቡብ አሜሪካ የሆነው ሙስኮቪ የምትባለው ደግሞ ከ33 እስከ 35 ቀን ትፈልጋለች። እንግዲህ እንቁላሉ የየትኛዋ እንደ ሆነ ሳይጠይቁ መግዛት የቀጠሮውን ቀን ሳያውቁ ወደ ችሎት እንደ መሄድ ያለ ነገር ነው።

በዚህ ረገድ የደረሰውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት የከተማችን ነዋሪ እንቁላሎቿን አስታቅፋ ሃያ አንድ ቀን ጠበቀች፤ ለጥንቃቄም ሦስት ቀን ጨመረችለት። በሃያ አራተኛው ቀን «ገምቷል» ብላ ሁሉንም ወደ ጓሮ አወጣቻቸው። ልጇ አንዱን በድንጋይ ቢሰብረው ጸጉር ያወጣ፣ የሚንቀሳቀስ ጫጩት ሆኖ ተገኘ። ከቀሩት መካከል ስንቱ በሕይወት እንደ ነበረ ለማወቅ በዚያ ሰዓት ጊዜው አልፎ ነበር። ስለዚህ በሣጥኑ ላይ እንቁላሉ የገባበት ቀንና 28ኛው ቀን የሚውልበት ዕለት በጉልህ ይጻፍ። ከውጭ አገር የሚመጡት ትንንሽ መፈልፈያዎችም ብዙውን ጊዜ ለዶሮ እንቁላል ተብለው የተሠሩ ስለ ሆኑ በመሣሪያው ቈጠራ ሳይሆን በግድግዳችሁ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ እመኑ።

ዳክዬ ከዶሮ የምትለይበት ሌላም ነገር አለ። እንቁላሏ ትልቅ ነው፤ ቅርፊቱና በውስጡ ያለው ስስ ሽፋንም ጠንከር ያለ ነው። እናቲቱ ውሃ ገብታ ታጥባ ስትመለስ ላባዋ እንደ ረጠበ በእንቁላሎቹ ላይ ትቀመጣለች። ስለዚህ የዳክዬ እንቁላል ከዶሮው የበለጠ እርጥበት ይወዳል። በዶሮ ሥር ያስታቀፈ ሰው ይህንን ማሰብ ይኖርበታል፤ ዶሮ ውሃ አትገባምና። እንደ ዶሮዋ መጠን ከአምስት እስከ ስድስት የዳክዬ እንቁላል ይበቃታል፤ ከዚያ በላይ ቢሆን ዳር ያሉት ይቀዘቅዛሉ። እንቁላሉም ስለሚከብዳት በሚገባ አታገላብጠውም፤ ለመብል ስትነሣ በእጅ ማገላበጥ ይገባል። በሃያ አንደኛው ቀን ተስፋ ቈርጣ እንዳትነሣም ጥሬዋንና ውሃዋን በአጠገቧ ማኖር ነው። ስለ ዶሮዋ ይህ ይበቃል፤ ብዙውን ጊዜ እርሷ ከእኛ የተሻለች ዐዋቂ ናት። ችግሩ የሚበዛው በሣጥንና በአምፖል በሚፈለፍሉት ዘንድ ነው።

አሁን ወደ ምስክሩ እንምጣ። በ28ኛው ቀን ማለቂያ ያልተፈለፈለ እንቁላል ቢኖር ሁለት ቀን ተጨማሪ ይጠበቅ። ከዚያ በኋላ በግቢ ውስጥ፣ ነፋስ በሚነፍስበት ስፍራ፣ አሮጌ ሳሕን ይዘን አንድ በአንድ ከወፍራሙ ጫፍ በኩል እንሰብራለን። ከመስበራችን በፊት በብርሃን ማየት፣ ወደ ጆሮም አስጠግቶ ማዳመጥ አይከፋም። ሽታው ደስ አያሰኝም፤ ነገር ግን ይህ የግማሽ ሰዓት መከራ ያንድ ወር ድካም ያድናል።

የሚሰበረው እንቁላል አስኳሉና ነጩ እንደ ነበረ ሆኖ፣ ደምም ሆነ ሥር የሌለበት ከሆነ፣ ከመጀመሪያውም ዘር አልነበረውም፤ አለዚያም ገና በመጀመሪያው ቀን ጠፍቷል። እንዲህ ያለው ከሃያው ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን አያስደንቅም። ግማሹ እንዲህ ከሆነ ግን ሣጥናችሁን አትውቀሱ፤ ጥፋቱ ከመግባቱ በፊት የተፈጸመ ነው። ወደ ሻጩ ሂዱና ለስንት ሴት ስንት አውራ እንዳለው ጠይቁ፤ ለአምስት ወይም ለስድስት ሴት አንድ ወጣት አውራ ያስፈልጋል። ደግሞም ሙስኮቪና ተራ ዳክዬ ተዳቅለው የሚወለደው እንደ በቅሎ መካን መሆኑን ዕወቁ፤ የእንዲህ ያለችውን እንቁላል ቢያስታቅፉት ድካም ብቻ ነው። እንቁላሉን ያቈየነው እኛ ከሆንን ደግሞ ስንት ቀን እንዳቈየነው እንቍጠር። ከሰባት ቀን በላይ የቈየ እንቁላል የመፈልፈል ኀይሉ በየቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል። የሚቀመጥበትም ስፍራ ቀዝቀዝ ያለ፣ ከ13 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የሆነ፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች የዞረበት ይሁን። በደጋው አገር በቤት ውስጥ የውሃ ማድጋ የሚቀመጥበት ጥግ ለዚህ የተመቸ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማኖር ግን ፈጽሞ አይገባም።

በእንቁላሉ ውስጥ ቀጭን የደም ክብ እንደ ቀለበት ተሥሎ ብናገኝ፣ ጽንሱ በመጀመሪያው ሳምንት ሞቷል ማለት ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ከእንቁላሉ እርጅና፣ በመንገድ ላይ ከመንገጫገጭ፣ ወይም ሣጥኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከመጠን በላይ ከመሞቁ የተነሣ ነው። ሣጥን ያላቸው ሰዎች እንቁላሉን የሚያስገቡት አምፖሉን ባበሩበት ሰዓት ነው፤ ይህ ትክክል አይደለም። ባዶው ሣጥን ቢያንስ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን በርቶ ሙቀቱ እስኪረጋ መጠበቅ አለበት።

ውስጡ ጠቁሮ የገማ፣ አንዳንዱም ገና ሳይነካ የሚፈነዳ ከሆነ፣ ተሐዋስያን በቅርፊቱ ቀዳዳ ገብተዋል። ዳክዬ የምትጥለው በማለዳ ነው፤ በጭቃም ላይ መጣል አይገዳትም። ስለዚህ ደረቅ ጭድ ያለው መጣያ ማዘጋጀትና እንቁላሉን በጧቱ መሰብሰብ ይሻላል። የቈሸሸውን በደረቅ ሻካራ ጨርቅ ማሸት ይቻላል። ማጠብ ግድ ከሆነ ውሃው ከእንቁላሉ የሞቀ፣ እጅ የሚችለው ትኩስ ይሁን። በቀዝቃዛ ውሃ የታጠበ እንቁላል ውስጡ ስለሚኮማተር እድፉን ወደ ውስጥ ይስባል። ንጽሕናን የሚወዱ እመቤቶች ብዙ እንቁላል ያጡት በዚሁ ነው።

በመካከለኛው ጊዜ፣ ማለትም ከ8ኛው እስከ 22ኛው ቀን ባለው ጊዜ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው። ቍጥሩ ከበዛ ሁለት ነገር ይጠረጠራል፤ አንደኛው የእናቶቹ ምግብ ጉድለት ነው፤ በጥሬ እህል ብቻ የምትኖር፣ ቅጠልና ሣር የማታገኝ ዳክዬ ለጽንሱ የሚበቃ ቫይታሚን በእንቁላሏ ውስጥ አታኖርም። ሁለተኛው የመብራት መጥፋት ነው። ስለ መብራት በኋላ እመለስበታለሁ።

ከሁሉ የሚያሳዝነውና በከተማችንም የሚበዛው የመጨረሻው ዐይነት ነው። ጫጩቱ ሙሉ ሆኖ፣ ምንቃሩና እግሩ ተሠርቶ፣ ጸጉሩ በቅሎ፣ ከመውጣቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በቅርፊቱ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። ይህን ሲያዩ ብዙዎች «ምን ጐደለው?» ይላሉ። መልሱ በወፍራሙ ጫፍ ባለው የአየር ክፍል ላይ ተጽፏል። የአየሩ ክፍል ትንሽ ሆኖ ጫጩቱ ያበጠና በውሃ የተዘፈቀ ከሆነ እርጥበቱ በዝቷል። የአየሩ ክፍል እጅግ ሰፍቶ ጫጩቱ ትንሽ፣ ሽፋኑም እንደ ብራና ደርቆ በላዩ ላይ የተጣበቀ ከሆነ እርጥበቱ አንሷል። ራሱ በሹሉ ጫፍ በኩል ሆኖ ከተገኘ እንቁላሉ ተገልብጦ ተቀምጧል ወይም በሚገባ አልተገላበጠም። የአየሩ ክፍል መካከለኛ፣ ጫጩቱም ደኅና ሆኖ ሳለ የሞተ እንደ ሆነ ግን አየር አጥቶ ታፍኗል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ስለ እርጥበት መጻሕፍቱ ለመጀመሪያዎቹ 25 ቀናት ከመቶ 55 እስከ 60፣ ከዚያ በኋላ ከመቶ 65 እስከ 75 ይሁን ይላሉ። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን በገበያ የሚሸጡት ርካሽ የእርጥበት መለኪያዎች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ከእነርሱ ይልቅ የወጥ ቤት ሚዛን ይታመናል። የዳክዬ እንቁላል ከገባበት ቀን እስከ 25ኛው ቀን ድረስ ከክብደቱ ከመቶ 12 እስከ 14 እጅ ያህል ውሃ ማትነን አለበት። በምሳሌ እንየው። እያንዳንዳቸው 75 ግራም የሚመዝኑ 20 እንቁላሎች በድምሩ 1,500 ግራም ናቸው። በ25 ቀን ውስጥ 195 ግራም ያህል መቀነስ አለባቸው፤ ይህም በቀን ወደ 8 ግራም፣ በሳምንት ወደ 55 ግራም ይሆናል። በየሳምንቱ ሁሉንም ባንድነት መመዘን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 80 ግራም ከቀነሰ አየሩ ደርቋልና ሰፋ ያለ የውሃ ሳሕን ይግባ፤ 30 ግራም ብቻ ከቀነሰ ሳሕኑ ይጥበብ። እርጥበቱን የሚጨምረው የውሃው ጥልቀት ሳይሆን የላዩ ስፋት መሆኑን ልብ በሉ። በ8ኛው ቀን በብርሃን ተመርምረው ዘር የሌላቸው ሲወጡ፣ የቀሩትን መዝኖ አዲስ መነሻ መጻፍ እንዳይረሳ።

ይህ ነገር በደጋ አገር ይበልጥ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለው። አስመራም ሆነ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው፤ የእኛም ከተማ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በምጽዋ ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። የአየር ግፊት ባነሰበት ስፍራ ውሃ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ቶሎ ይተናል፤ ጽንሱ የሚተነፍሰው ኦክሲጅንም ያንሳል። እንግዲህ የደጋ ሰው ሁለት ጠላት አለበት፤ ድርቀትና መታፈን። አንዱን ሲሸሽ ሌላው ያገኘዋል። እርጥበት እንዳይወጣ ብሎ ቀዳዳውን በጨርቅ ይወትፋል፤ እርጥበቱ በእርግጥ ይቀራል፤ ጫጩቱ ግን ይታፈናል። በተለይም በመጨረሻው ሳምንት ጫጩቶቹ ከፍ ብለው ብዙ አየር በሚፈልጉበት ጊዜ፣ ሌሊቱ በረደ ተብሎ ሣጥኑ ከራስ እስከ እግሩ በጋቢ ይጠቀለላል። እኔ ከተመለከትኳቸው ሣጥኖች የሚበዙት የአየር መግቢያቸው ከሽሮ ወንፊት ቀዳዳ የሰፋ አልነበረም። ትክክለኛው ዘዴ ቀዳዳዎቹን በመጨረሻው ሳምንት ይበልጥ ከፍቶ፣ የሚጠፋውን እርጥበት በሰፊ የውሃ ሳሕንና በረጠበ ስፖንጅ መተካት ነው።

በደጋ የኖሩ ዶሮዎች እንቁላላቸው ውሃን በቶሎ የማያስወጣ ቅርፊት እንደሚያበጅ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ስለዚህ ከቈላ በአውቶቡስ ከሚመጣው እንቁላል ይልቅ በዚሁ ከፍታ ከሚኖር ጐረቤት የተገዛው ይመረጣል።

የሙቀት መለኪያውን ነገር በአጭሩ ልናገር። ማራገቢያ ላለው ሣጥን 37.5 ዲግሪ፣ ማራገቢያ ለሌለውና በአምፖል ብቻ ለሚሞቀው በእንቁላሉ የላይ ገጽ ትክክል ሲለካ 38.3 ዲግሪ ያህል ይሁን። በሣጥኑ ጣራ ላይ የተሰቀለ መለኪያ የጣራውን ሙቀት እንጂ የእንቁላሉን አይናገርም። መለኪያው ትክክል መሆኑን ለመፈተን አንዳንዶች በሚፈላ ውሃ ውስጥ አስገብተው 100 ዲግሪ ካላሳየ ይጥሉታል። በእኛ ከፍታ ግን ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደኅናውን መለኪያ ሐሰተኛ ብለው ይጥላሉ ማለት ነው። የሚሻለው የትኩሳት መለኪያና የሣጥኑን መለኪያ ባንድነት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አግብቶ ማስተያየት ነው። የግብጽ ፈልፋዮች ያለ ምንም መሣሪያ እንቁላሉን በዓይናቸው ቆብ ላይ አስጠግተው ሙቀቱን ያውቃሉ ይባላል፤ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ጥበብ ነውና እኛ በሁለት ወር እንለምደዋለን ብለን አንመን።

እንቁላሉን በቀን ሦስት ወይም አምስት ጊዜ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ቍጥሩ ጐደሎ እንዲሆን የሚፈለገው ለመልካም ዕድል አይደለም፤ ረጅሙን ሌሊት ሁልጊዜ ባንድ ጐኑ ተኝቶ እንዳያድር ነው። ባንዱ ጐን በእርሳስ መስቀል፣ በሌላው ክብ ምልክት ማድረግ ሥራውን ያቀላል። ከ8ኛው ቀን በኋላ በቀን አንድ ጊዜ ክዳኑን ከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ማናፈስና ለብ ያለ ውሃ እንደ ጤዛ መርጨት የዳክዬ አርቢዎች ልማድ ነው። በ25ኛው ቀን ማገላበጡም መክፈቱም ይቆማል።

መብራት ሲጠፋ ስለሚደረገው ነገር ብዙ ተጠይቄአለሁ። መጀመሪያ የሚታወቀው ይህ ይሁን፤ ቅዝቃዜ ያዘገያል፤ ትኩሳት ግን ይገድላል። ሙቀቱ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ቢወርድ ጫጩቱ በአንድ ቀን ዘግይቶ ይመጣ ይሆናል እንጂ ሁሉም ይጠፋል ማለት አይደለም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሰዓት ቢወጣ ግን ተስፋው የመነመነ ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ መደናገጥ አያሻም፤ የአየር ቀዳዳውን ሳይሸፍኑ ሣጥኑን በብርድ ልብስ መጠቅለል፣ ሙቅ ውሃ የያዙ ጠርሙሶችን በጨርቅ ሸፍኖ በሣጥኑ ጥግ ማኖር ይበቃል። የከሰል ማንደጃ ወደ ክፍሉ ማግባት ግን ከቶ አይገባም። የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ለእንቁላሉም ለሰውም መርዝ ነው፤ በክፍሉ ልጆች የሚተኙ ከሆነ ነገሩ የእንቁላል ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

አሁን የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት እንመልከት፤ ትዕግሥት የሚፈተነው እዚህ ነውና። ጫጩቱ መጀመሪያ ሽፋኑን በምንቃሩ ቀድዶ ወደ አየሩ ክፍል ይገባል፤ በዚያም መተንፈስ ይጀምራል፤ ድምፁም ይሰማል። ከዚያ ቅርፊቱን ይሰነጥቃል። ዶሮ ከዚህ በኋላ ቶሎ ትወጣለች፤ ዳክዬ ግን ከመጀመሪያው ስንጥቅ እስከ መውጫው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሊቈይ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚደረገው ሥራ ምንም አለመሥራት ነው። በሽፋኑ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ገና አልደረቁም፤ የቀረውም አስኳል በእምብርቱ በኩል ወደ ሆዱ እየገባ ነው። የተራበ መስሏት ቅርፊቱን በጥፍሯ የምትልጥለት ደግ እመቤት ደሙን ታፈሰዋለች። ክዳኑንም ለጐረቤት ለማሳየት ብላ በከፈተች ቍጥር እርጥበቱ ይወጣል፤ ሽፋኑ ይደርቃል፤ ጫጩቱ እንደ ተያዘ ይቀራል። ነቍሮ ሞቶ የሚገኘው ጫጩት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት የሞተ ነው። በሕይወት መኖሩን ለማወቅ እንቁላሉን ለብ ባለ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፉም አሉ፤ ቅርፊቱ የተሰነጠቀውን ውሃ ውስጥ መክተት ማስጠም ነው። ከ48 ሰዓት በላይ ቈይቶ ድምፁ እየደከመ ከሄደ ብቻ ሽፋኑን በጣት እርጥብ አድርጎ፣ በስንጥቁ ዙሪያ ጥቂት ቅርፊት አንሥቶ፣ ደም እንደ ታየ ማቆም ይቻላል።

ሁሉም በ26ኛው ቀን ከወጡና እምብርታቸው ያልደረቀ ከሆነ ሣጥኑ ሞቋል፤ ከ29ኛው ቀን ካለፉ ቀዝቅዟል። ለሚቀጥለው ጊዜ ግማሽ ዲግሪ ማስተካከል ነው፤ ከዚያ በላይ ባንድ ጊዜ አይለወጥ። የወጡት ጫጩቶች በዚያው ሣጥን ውስጥ እስኪደርቁ ይቈዩ፤ አስኳሉ በሆዳቸው ስላለ አንድ ቀን ሙሉ ባይበሉ አይጐዱም። ወለሉ አንሸራታች ጋዜጣ ሳይሆን ሻካራ ጨርቅ ይሁን፤ አለዚያ እግራቸው ይከፈታል። ዳክዬ ናቸው ተብሎም ወዲያው ገንዳ ውስጥ አይጨመሩ፤ ያለ እናት የተፈለፈለ ጫጩት ላባው ከእናቱ የሚያገኘው ቅባት የለውም፤ ርሶና በርዶት ይሞታል። የሚጠጡት ውሃ አፍንጫቸውን የሚያጥብ ያህል ጠለቅ ያለ፣ ነገር ግን የማይገቡበት ይሁን።

ክቡራን የአስተዳደሩ ባልደረቦች፤ ለእናንተ የምነግራችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ለተቸገሩ ቤተ ሰቦችና ለወጣት ማኅበራት እንቁላል ወይም መፈልፈያ በምናድልበት ጊዜ የምንመዘግበው ያደልነውን ቍጥር ነው፤ የተፈለፈለውን የሚመዘግብ የለም። እኔ የማቀርበው አሳብ እንቁላሉ በተጣለበት ቀን በእርሳስ እንዲጻፍበት፣ ከሰባት ቀን ያለፈው እንዳይታደል፣ በመኪና የመጣውም ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ አንድ ሌሊት ካረፈ በኋላ ብቻ እንዲገባ ነው። ለእያንዳንዱ ተቀባይም አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጥ፤ በእርሱም ላይ የገባው ቍጥር፣ በ8ኛው ቀን ጥርት ብሎ የታየው፣ የደም ቀለበት የተገኘበት፣ ሙሉ ሆኖ የሞተው፣ ነቍሮ የሞተውና የተፈለፈለው ይጻፍ። ሃያ ወረቀት ቢሰበሰብ ጥፋቱ ከአቅራቢው ይሁን ከሣጥኑ፣ ከመንገዱ ይሁን ከመብራቱ በግልጽ ይታያል። ተቀባዮቹ ሰነፎች ናቸው ከሚለው የተለመደ ሪፖርት ይህ በእጅጉ ይሻላል፤ ያ ሪፖርት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው አንድ እንቁላል እንኳ ሳይሰበር ነው።

የዚህ ወረቀት ናሙና በበሩ አጠገብ በጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ የሚፈልግ ሰው መውሰድ ይችላል። ጥያቄም ያለው አሁን ሊጠይቅ ይችላል። ያልተፈለፈሉ እንቁላሎቻቸውን ይዘው የመጡ ሁለት እናቶች መኖራቸው ተነግሮኛል፤ በጣም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን እነርሱን በጓሮ በኩል ወጥተን እንሰብራቸዋለን፤ አዳራሹ ነገ ጧት ለሌላ ስብሰባ ስለሚፈለግ።